በቅጠል የተወተፈው ቅል

ጣሊያን ሮቢት ወንዝ ዳር ድንኳኑን ከተከለ ወዲህ እኛ ሴቶች እዚያ ወርደን መታጠብ ተውን። አንድ ቀን አክስቴ ጫካ ውስጥ ወዳለው ፏፏቴ ይዛኝ ወጣች። ዋና አልችልም ነበር። «ፏፏቴው ሥር ሳትደርሺ ፈርተሽ ከተመለስሽ ሁለተኛ አላመጣሽም» ብላኛለች።

ሐረጉ እግር ይይዛል፤ ቅጠሉ ፀሐይ አያስገባም። መጀመሪያ የውሃው ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ ራሱ ድንገት ብቅ አለ። ከገደሉ ነጭ ሆኖ ይወርድና ከሥሩ አረንጓዴ ሆኖ ይተኛል። ማሻአላህ! ይህን የሚያህል ውበት እዚሁ ጎረቤታችን ኖሮ እኔ አላውቅም!

በእኛ አገር ዋና ለማጅ ደረቱ ላይ ባዶ ቅል ያስራል፤ የቅሉም አፍ በሰም ይደፈናል። እኔ ግን ከመቸኮሌ የተነሳ በቅጠል ወትፌው «ቢስሚላህ» ብዬ ገባሁ። እየተንፈራገጥኩ ፏፏቴው ጋ ልደርስ ስል ወደ ደረቴ ባይ፣ ቅሉ አፉን ከፍቶ ውሃ ሞልቷል።

«እትዬ፣ ሰመጥኩልሽ!»

አጠገቤ የምትዋኘው አክስቴ ሳቀች። «አንቺ ቀልቃላ! ቅጠሉ የወለቀው ገና ከዳር ሳትርቂ ነው። ይኸው፣ በእጄ ይዤዋለሁ። እስካሁን የዋኘው ማን መሰለሽ?»

ለካ አንድ እጇን ከሆዴ ሥር ዘርግታ፣ ሳትነካኝ አብራኝ ስትዋኝ ኖሯል። እንዴት ያለች ሴት ናት! ጥቂት ተንፈራግጬ ፏፏቴው አናቴን ሲመታኝ ጮህኩ።

ወደ ዳር ስመለስ ቅል አላሰርኩም። ቅሉን ውሃ እንደሞላ ለመንገድ ያዝነው።