ግመሉን ማን አጠጣው?

አክስታችን ፊደል አልቆጠሩም፤ ነገር ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆመው ሲያስቀድሱና ስብከት ሲሰሙ ስለኖሩ በመጽሐፍ ያሉትን ሴቶች ሁሉ እንደ ጎረቤት ያውቋቸዋል። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የምትኖር ሴትም ከነዚያ ከአንዷ ጋር ሳትመሳሰል አታመልጣቸውም። ጥፍሯን የቀባች ኤልዛቤል ናት። የባሏን ደመወዝ የጠየቀች ደሊላ ናት። ባሏን «ጌታዬ» እያለች የምትጠራ ብትገኝ ሣራ ትባል ነበር፤ እስካሁን አልተገኘችም፤ እሳቸውም ቢሆኑ ሟቹን ባላቸውን «አንተ ሰውዬ» ከማለት በቀር ሌላ ስም ሲያወጡላቸው አልሰማንም። እኔ ከአራት ዓመት ትዳር በኋላ አንድ ሻንጣ ይዤ ወደ አባቴ ቤት ስመለስ የሎጥ ሚስት ተባልኩ፤ ወደ ኋላ ዞራ ያየችዋ። እሷ የጨው ሐውልት ሆነች፤ እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆንኩ።

አንድ ቀን «ወንዶቹስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የወንዶቹን መዝገብ እግዜር ራሱ ይይዘዋል» አሉኝ።

ታናሽ ወንድሜ ፊዚክስ ያስተምራል፤ ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ እኔና እሱ ባባታችን ቤት አብረን እንኖራለን። ቡሬ ከእናቷ ጋር በርበሬ የምትነግድ ልጅ መውደዱን መጀመሪያ የነገረኝ ለኔ ነው። «እሷ ካልሆነች ይቅርብኝ» አለኝ ወለሉን እያየ። ብዙ የሚናገር ሰው ስላልሆነ አመንኩት፤ አሳዘነኝም። አባታችን ካረፉ ወዲህ ያለ አክስታችን ቃል ከቤታችን ሽማግሌ አይላክም፤ እሳቸው ደግሞ ነገሩን እንደሰሙ «ትፈተን» አሉ።

የአክስታችን ፈተና አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ከርብቃ ታሪክ የተቀዳ። ለይስሐቅ ሚስት ሊፈልግ የተላከው ሎሌ ውኃ ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ ውኃ ይለምናል፤ እሱን አጠጥታ ግመሎቹንም ላጠጣ የምትለዋ ያቺ ናት። አገራችን ግመል ስለሌለ በበቅሎ ተተክቶ ኖሯል። እኔም በዚሁ አልፌያለሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የባሌ ዘመድ የሆኑ ሴትዮ በአክስታችን ምክር በበቅሎ መጥተው ደጃችን ላይ ውኃ ለመኑኝ፤ ለሳቸው በጣሳ፣ ለበቅሏቸው በባልዲ አቀረብኩ። «ርብቃን አገኘናት» ተባለ፤ ሰው ሁሉ ደስ አለው። እውነቱን ለመናገር ፈተናው ሾልኮ ነበር። አክስታችን በማለዳ ብቅ ብለው «ዛሬ ውኃ የሚለምን ቢመጣ በቅሎዋን እንዳትረሺ» ብለውኝ ነበር።

ባሌን ግን ማንም ምንም አልጠየቀው። ልባም ሴት መብራቷ በሌሊት አይጠፋም ይላሉ፤ የኔም አልጠፋም ነበር፣ እሱን ስጠብቅ። ከገባ በኋላ የሚያደርገውን እዚህ አልጽፈውም፤ ጎረቤት ያውቀዋል።

እንግዲህ ተዘግቶ የከረመው መንገድ በተከፈተበት ሳምንት አክስታችንና እኔ በሚኒባስ ወደ ቡሬ ሄድን። በርበሬ ገዢ መስለን ነው። መናኸሪያ ስንወርድ አክስታችን ድንገት ቆም አሉ።

«በቅሎ የለንም እኮ።»

«ባጃጅ አለ» አልኩ ለቀልድ።

እሳቸው ግን ከልባቸው አሰቡበት። ባጃጅም ሰው ተቀምጦበት የሚሄድ ነው፤ ይደክማል፤ ይግላል። «ይሆናል» ብለው ፈረዱ፤ ተሳፈርን።

ልጅቷ ደጃቸው ላይ ሸራ ዘርግታ በርበሬ ታሰጣለች። ሻሿን ግንባሯ ድረስ አስራለች፤ ጣቶቿ እስከ ጥፍሯ ቀልተዋል። አክስታችን ጥፍሯን አጎንብሰው አዩት፤ ቀለም ሳይሆን በርበሬ መሆኑን ሲያረጋግጡ ነው ቀና ያሉት።

«ልጄ፣ ውኃ ይኖርሻል?»

«እንዴታ እማማ፣ ይቀመጡ» አለች። እጇን ታጥባ በጆግ አመጣች። አክስታችን ጠጡ። ከዚያ ጠበቁ። ልጅቷም ጠበቀች። አክስታችን ሳል ሳል አደረጋቸውና ባጃጁን አዩ። ሹፌሩ እግሩን መሪው ላይ ሰቅሎ አንቀላፍቷል።

«እሱም ውኃ ይፈልግ ይሆን?» አለች ልጅቷ ግራ ገብቷት።

«እንጃ» አሉ አክስታችን፣ ምንም እንዳልገባው ሰው። ስትጠይቃቸው ግን ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር።

ጆጉን ወስዳ ሹፌሩን ቀሰቀሰችው። ጠጣና የተረፈውን የባጃጁ መስታወት ላይ ደፍቶ በእጁ ጠረገው። አክስታችን ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ።

ከዚያ በርበሬው ተመዘነ። አክስታችን ዋጋ ቢያስቀንሱ፣ ቢለማመጡ፣ ቢቆጡ፣ ልጅቷ ፈገግ እያለች ካለችበት ንቅንቅ አላለችም። እሳቸው ሚዛኑን በጥርጣሬ ሲመረምሩ እኔ ከረጢቱን ልይዝላት ጠጋ አልኩ።

«እህቱ ነሽ አይደል?» አለችኝ ቀስ ብላ። «አፍንጫችሁ አንድ ነው።»

ራሴን ነቀነቅኩ። አፍንጫ አይካድም።

«እኔን እናንተ አያችሁኝ። እሱን ማን አየልኝ?» አለች። ቁጣ የላትም፤ ሚዛን እንደምትጠብቅ ሆና ነው የምትናገር። «እኔም አክስት አለችኝ። ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት እልካታለሁ፤ እሷም ውኃ ትለምነዋለች። ከወንበሩ ተነሥቶ ራሱ ካልሰጣት ሽማግሌውን አልቀበልም። ልትነግሪው ትችያለሽ፤ ወንድምሽ ነው።»

ወደ ፍኖተ ሰላም ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከባድ ክርክር ተነሣ። ግመሉን ያጠጣችው ልጅቷ ናት ወይስ ሹፌሩ? አክስታችን ሁለቱንም ወገን ሆነው ተከራከሩ፤ ከፊት የተቀመጡ አንድ ቄስም ስለ ባጃጅ በመጽሐፍ የተጻፈ እንደማያውቁ በትሕትና ገለጹ። ከሁሉ የከበደው ግን የልጅቷ አፍ ነው። «ሴት ልጅ ለእንግዳ እንዲህ ትከራከራለች? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያሉ ከቡሬ ወጣን።

ስልኬን አውጥቼ ስለ ልባም ሴት የተጻፈውን ፈለግኩ። ንግዷ መልካም እንደሆነ ታውቃለች ይላል፤ እርሻ አይታ ትገዛለች ይላል። አነበብኩላቸው።

«እርሻ ትገዛለች? በየትኛው አዋጅ?» አሉኝ። «መሬት አይሸጥ አይለወጥ። አንቺ ልጅ፣ ስልክሽ ተበላሽቷል።»

በሳምንቱ ግን በግማሽ አሳለፏት፤ ሹፌሩን ቀስቅሳለችና። ሽማግሌዎቹ ተመርጠው ቀን ተቆረጠ። ወንድሜ በደስታ ሁለት ቀን ፉጨት አላቆመም። እኔ እንቅልፍ አጣሁ።

ልንገረው? አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ውኃ የሚለምን ቢመጣ ተነሥ።» ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። የታመመ ተማሪ ቤቱ ድረስ አዝሎ ያደርሳል። ነገር ግን እኛ ቤት ውኃ የምትባለው ነገር «ውኃ» ሲባል በእህት እጅ ትመጣለች፤ ከየት እንደምትመጣ ተመራምሮ አያውቅም። አንድ ማታ «ተነሥተህ ጠጣ» አልኩት። ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ጠበቀ። እኔም አመጣሁለት፤ በራሴ ተናደድኩ። ሁለት ጊዜ ልነግረው አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። በሾለከ ፈተና ያለፈ ትዳር መጨረሻውን አውቀዋለሁ፤ ያቺ ልጅ እንዲያ ያለ ትዳር ውስጥ እንድትገባ አልፈለግኩም። እሱም እንዲያጣት አልፈለግኩም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወንድሜ ሳሎን ተቀምጦ የፈተና ወረቀት ያርማል፤ እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እከትፋለሁ። አንዲት አሮጊት ጃንጥላ ይዘው በር ላይ ቆሙ። የዘመድ ቤት ጠፍቷቸው ነው አሉ። ወንድሜ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው፤ «ይግቡ እማማ፣ ይቀመጡ፣ ፀሐይ መታዎት» አላቸው፤ ወንበር አስጠጋላቸው፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ ትንሽ ውኃ ቢኖርህ።»

በበሩ ስንጥቅ ጣቶቻቸው ታዩኝ። ቀይ ናቸው።

«እህቴ፣ ውኃ!» አለ ወንድሜ።

እግሮቼ ሊነሡ ነበር፤ ያልተነሡበት ቀን የለማ። በርጩማው ላይ ጭኔን በእጄ ተጫንኩት።

«እህቴ!»

ዓይኔ አለቀሰ። ሽንኩርቱ ነው እንዳልል መክተፉን ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፤ እርምጃ ሰማሁ፤ ወንድሜ በወጥ ቤቱ በር ብቅ አለ።

«የለሽም ብዬ። ሴትዮዋ ውኃ ጠየቁ እኮ።»

«ሰምቻለሁ።»

አየኝ። እጄ አልተያዘም፤ አልታመምኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየኝ ይመስል ቆየ። ከዚያ፣ በተወለደበት ቤት፣ በሠላሳ ዓመቱ፣ «ብርጭቆው የት ነው?» አለኝ።

«ፈልገው።»

የጨው ዕቃ ከፈተ፤ የሽሮ ዕቃ ከፈተ፤ ሦስተኛው ላይ አገኘው። ከጀሪካኑ ሲቀዳ ግማሹን ነጠላ ጫማው ላይ ደፋው። ይዞ ወጣ። አሮጊቷ ጠጥተው ሲያመሰግኑ ሰማሁ፤ ቀጥለውም «ደጅ የቆመው ባጃጅ ውስጥ ያለውም ልጅ ጠምቶታል» አሉ። ወንድሜ ተመልሶ መጣ፤ ሌላ ብርጭቆ ራሱ አነሣ፤ አልጠየቀኝም።

እሱ ለሹፌሩ ሊሰጥ ወደ ደጅ ሲወጣ አሮጊቷ ወጥ ቤት ድረስ መጡ። ልነሣ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ዘግይቷል፤ ግን ተነሥቷል። ሽማግሌዎቹ ይምጡ» አሉኝ። ከዚያ ሽንኩርቱን አዩ፤ ፊቴን አዩ። «አንቺስ ልጄ፣ ምነው ሳትነሺ ቀረሽ?»

«እኔ አንድ ጊዜ ተፈትኜ አልፌያለሁ፣ እማማ» አልኳቸው።