መምህር አደን ያወጣው የውሃ ደንብ

ባለፈው ሳምንት አንድ የሚኒባስ ሹፌር ከሶማሌ ክልሏ ደምበል መጥቶ ጎማ ሊያስለጥፍ ሱቄ ቆመ። ጎማውን ነፍቼ ውሃ ውስጥ እየነከርኩ ቀዳዳውን ስፈልግ፣ «ጎሚስታው ጋሽ ታደሰ እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ነኝ አልኩት።

«መምህር አደን ሰላም በልልኝ ብለውኛል። ጅግጅጋ ውስጥ የማያስመስል ሰው እሱ ብቻ ነው ይላሉ። ለተሳፋሪው ሁሉ ነው የሚያወሩት።»

ጎማውን ለጥፌ ሸኘሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የበላሁት እህል አልጣመኝም።

ሰው የወጣትነቱን ጥፋት ሲያወራ፣ ልጅነት ነው ተብሎ ይታለፍለታል። እኔ የኔን ጥፋት ያጠፋሁት ስልሳ ካለፈኝ በኋላ ነውና መደበቂያ የለኝም።

ኮሮና የገባ ጊዜ ነው። ወደ ድንበሩ የሚወስደው የቶጎጫሌ መንገድ ጭር አለ፤ ከባድ መኪና ከሌለ ደግሞ ጎሚስታ ሥራ የለውም። ሶማሌዎቹ ጂላል የሚሉት ደረቁ ወራት ገና አልወጣም ነበር። ነፋሱ አቧራውን ከካራማራ በኩል እያመጣ ሻሂያችን ላይ ይነሰንሰዋል። መምህር አደን የዚያን ጊዜ ጎረቤቴ ነበር፤ የዚሁ የጅግጅጋ ሰው፣ ድሮ በአማርኛ ታሪክ ያስተማረ። እኩዮች ነን። በግቢው አንድ ክፍል፣ ሸደር ስደተኞች መጠለያ የሚሠራ ፈረንጅ ተከራይቶ ነበር። ፈረንጁ ኮሮና ሲመጣ ተጣድፎ ወደ አገሩ ሲሄድ አንድ ካርቶን ትቶለት ሄደ።

ካርቶኑ ውስጥ የጣት አንጓ የሚያካክሉ የመጫወቻ ወታደሮች ነበሩ። ብረት የለበሱ ፈረሰኞች፣ ቀስተኞች፣ ጦር የያዙ እግረኞች፣ ሁሉም ቀለም የተቀቡ። የእንግሊዝኛ መጽሐፍም አብሮ ነበረ። ጨዋታው በመካከለኛው ዘመን፣ ጠመንጃ ሳይመጣ ማለት ነው፣ ሰው እንዴት ይዋጋ እንደነበር ጠረጴዛ ላይ የሚያሳይ ነው። ወታደሩን በልብስ ሰፊ ሜትር እየለኩ ያስኬዱታል፤ ሁለቱ ወገን ሲገናኙ ባለ ነጥቡ ዳይስ ይጣላል። መጽሐፉ ደንቡን ይነግራል።

መምህር መጽሐፉን አንብቦ ጨረሰና አልወደደውም።

«ዋርያ ታዴ» አለኝ፣ በሶማሌኛ አንተ ሰው ማለቱ ነው፣ «እነዚህ ሰዎች ቀኑን ሙሉ በብረት ልብስ ሲዋጉ አንድም ሰው አይጠማውም። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ጦርነት የለም። እዚህ የሚፈርደው ሰይፍ አይደለም፣ ውሃ ነው።»

ስለዚህ ራሱ አዲስ ደንብ ሊያወጣ ተነሳ። ስኳር ዓይኑን እየወሰደበት ስለነበር ፊደሉን እያተለቀ ሁለት ወር ጻፈ። «የሰው መጽሐፍ ሳስተምር ኖሬ አረጀሁ። ዓይኔ ሳይጠፋ አንድ የራሴን ልጨርስ» ይል ነበር።

በፈረንጁ ካርቶን ውስጥ ግመል ስላልነበረ፣ ግመል መሥራት የኔ ድርሻ ሆነ። ለጎማ ባላንስ የሚመታውን እርሳስ አቅልጬ በጀሶ ቅርጽ አፈሰስኩት። ሚስቱ ሶፊያ አንዱን አንስታ አገላብጣ አየችው።

«ይቺ ያረገዘች ፍየል ናት» አለች።

«አንገቱን እዪው እንጂ።»

«እሺ፣ አንገቷ የረዘመ ያረገዘች ፍየል።»

ደብተሩ ሲያልቅ መምህር ለኔ ሰጠኝ። «አንብበው። በሳምንቱ እንሞክረዋለን። አንተን የመረጥኩት ስለማታስመስል ነው። ካልጣመህ አልጣመኝም በለኝ» አለ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። የጎማ ቁጥር አነባለሁ፣ የሱቅ ስም አነባለሁ፣ የመድኃኒት ወረቀትም ጣቴን እያስከተልኩ እጨርሳለሁ። ሠላሳ ገጽ ግን በዕድሜዬ አንብቤ አላውቅም። መምህር ይህን አያውቅም ነበር፤ እንዲያውቅም አልፈለግኩም። ሁለት ገጽ ሞከርኩና ደብተሩን ከጎማዎቹ ጀርባ ሸጎጥኩት። በሳምንቱ ሲጠይቀኝ አውጥቼ መለስኩለትና «አንብቤዋለሁ» አልኩት። እየተጫወትኩ እለምደዋለሁ ብዬ ነው።

እሑድ ጠዋት ሱቄ ውስጥ በሁለት የከባድ መኪና ጎማ ላይ የእንጨት በር አጋደምን፤ ቡናማ ብርድ ልብስ አለበስነው። የውሃ ጉድጓዱ የለስላሳ ቆርኪ ነበር። ሶፊያ ሩዝ በፍየል ሥጋ ልካልን ነበር፣ ሙዝ ከጎኑ። ሩዝ በሙዝ እስካሁን አልለመድኩም፤ ያን ቀን ግን መምህር እንደ ሙሽራ ደስ ብሎት ስለነበር እኔም በላሁ።

ፈረሰኞቹና ግመሎቹ የኔ ሆኑ። እሱ እግረኞቹን ይዞ ጉድጓዱ አጠገብ ተቀመጠ። ፈረሰኞቼን በቀጥታ ወደ እሱ ላክኋቸው።

«ግመሎቹስ?» አለኝ።

«ይቁሙ። ግመል ምን ይዋጋል?»

ፈገግ አለ፤ ብልሃት ያሰብኩ መስሎታል። በሦስተኛው ተራ፣ «ጠምቷቸዋል፤ ከዳይስህ ሁለት ይቀነሳል» አለ። በአራተኛው ተራ ፈረሰኞቼ መንቀሳቀስ አቃታቸው። እግረኞቹ ውሃቸውን ጠጥተው ቀስ ብለው መጡና አንድ በአንድ ለቀሟቸው።

ደሜ ፈላ። «ይሄ የማይረባ ደንብ ነው» አልኩ።

«የቱ?»

«ውሃው ነዋ። ጦርነት ነው ወይስ የቦቴ ወረፋ?»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና፣ «የግመሉን ክፍል አንብበኸዋል አይደል?» አለኝ።

አላነበብኩም ማለት አንድ ቃል ነበር። እሱ ደግሞ ቁጭ ብሎ ያነብልኝ ነበር፤ ደስ እያለው።

«አንብቤዋለሁ» አልኩት። «እሱም አይረባም። ውሃውን ጠቅላላ አውጣው።»

«እርግጠኛ ነህ ታዴ?»

«ስለማላስመስል አይደል እንዴ የመረጥከኝ?»

ሻሂውን አስቀመጠ። «እሺ» አለ። የጎማ መቁረጫ ምላጬን ተቀበለኝ፤ ደብተሩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ ሌላው እንዳይበላሽ እየተጠነቀቀ፣ የውሃውን አሥራ ሁለት ገጽ ቆርጦ አወጣ። «ለእሳት ማያያዣ ይሆንሃል» ብሎ ሰጠኝ።

ውሃ የሌለውን ጨዋታ ሁለት ጊዜ ሞከርነው። ሁለቱ ወገን ይጋጫሉ፣ ዳይስ ይወድቃል፣ ያልቃል። እንደ ፈረንጁ መጽሐፍ ሆነ። መምህር ካርቶኑን ዘጋው፤ ስለ ደንቡም ዳግመኛ አላነሳም። ዓይኑ ሲብስበት ሶፊያን ይዞ ሴት ልጁ ዘንድ ደምበል ገባ።

ገጾቹን አላቃጠልኳቸውም። እነሱ ከሄዱ በኋላ፣ በቀን አንድ መስመር ሁለት መስመር እያልኩ፣ ጣቴን እያስከተልኩ ማንበብ ጀመርኩ። ወራት ፈጀብኝ። የግመሉ ክፍል ላይ ስደርስ እንዲህ ይላል፦

«ምሳሌ። ታዴ ግትር ስለሆነ ፈረሰኞቹን በቀጥታ ይልካል እንበል። አንድ ግመል ካስከተለ ግን ግመሉ ውሃ ስለሚጭንላቸው አይጠማቸውም፤ ጉድጓዱንም ይይዛል።»

የማሸንፍበትን መንገድ በስሜ ጽፎልኝ ነበር። ደንቡ ጥሩ ደንብ ነው። እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት።

አሁን መምህር ጨርሶ አያይም። ስልኩ አለኝ፤ ሁለት ጊዜ ደወልኩለት። ስለ ዝናብ አወራን፣ ስለ ጉልበታችን አወራን፣ ዘጋሁ። እሱ እዚያ ቁጭ ብሎ እውነቱን የነገረኝ ታዴ ነው እያለ ያመሰግነኛል። ቢረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ ማለትም አልችልበትም።

ስለዚህ ነገ በጠዋቱ ሚኒባስ ደምበል እሄዳለሁ። አሥራ ሁለቱን ገጽ ይዣቸዋለሁ። ልጁ ታንብብለት ብዬ ለሷ አልሰጣትም። አጠገቡ ተቀምጬ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እኔው አነብለታለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ልጆች ሲያስነብብ የኖረ ሰው ነው። ፊደል በፊደል ስለቅም ከሰማኝ፣ የግመሉ ክፍል ላይ ሳልደርስ ሁሉም ነገር ይገባዋል።