ሞተች የተባለችው ጥቁር

ሰፈሩ «እትዬ ቡችላ» ይላታል። ባሏ ጥሏት ሲሞት የቀሯት ሁለት ውሾችና አንዲት ሴት ልጅ ናቸው፤ አሥራ አራት ዓመት ቡችላ እያራባች በመሸጥ ልጇን አስተምራ ለወግ ለማዕረግ አበቃች። ጓሮዋ ውስጥ ካሉት ስድስት ውሾች አንጋፋዋ ጥቁሯ ናት። ስንቴ እንደወለደች እትዬ ራሷ አታውቀውም።

ዘንድሮ ማዘጋጃ ቤቱ ደንብ አወጣ። ውሻ አራቢ ሁሉ ፈቃድ ያውጣ፤ ስምንት ዓመት ያለፋት ውሻ ከእንግዲህ አትውለድ ተባለ። ጥቁሯ ዘጠኝ ደፍናለች፤ ያውም የደረሰች እርጉዝ ናት። እትዬ ተጨነቀች፤ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ወስዳ ታናሽ እህቷ ሱቅ ጀርባ፣ የሽንኩርት መጋዘን ውስጥ ደበቀቻት።

«ጦስሽን ይዘሽ መጣሽብኝ!» አለች እህቷ፤ ቁልፉን ግን ሰጠቻት።

የመጣችው ተቆጣጣሪ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ነበረች። አንድ በአንድ አየች፣ መዘገበች፣ ከባዶው የውሻ ቤት ፊት ቆመች።

«የዚህኛው ቤት ውሻ የት ሄደች እማማ?»

እትዬ ዓይኗን በጨው አጥባ «ሞተች» አለች።

ሐኪሟ ጓሮው ቧንቧ ላይ እጇን ስትታጠብ የእትዬ ስልክ ጮኸ። እህቷ ነበረች።

«ኧረ ድረሽ! ምጥ ከያዛት ቆየ፤ አንዱ ቡችላ ግማሹ ወጥቶ ተቀርቅሯል። ሐኪም ፈልጊ!»

ሐኪሟ ቀና አለች። «ደህና ነው እማማ? የምረዳዎት ነገር አለ?»

የእትዬ አፍ ተከፈተ። ፈቃዱን አሰበች፣ አምስቱን ውሾች አሰበች።

«እህቴ ናት፤ ትንሽ አሟት ነው» አለች።

ሐኪሟ እስክትወጣ ጠብቃ እየሮጠች ሄደች። ጥቁሯን በሽንኩርት ከረጢቶቹ መሃል ተጋድማ አገኘቻት፤ ድምፅዋን ስትሰማ ጭራዋን አንዴ መሬት ላይ መታች፤ በዚያው አለፈች። ከሆዷ የወጣ አንድም ቡችላ በሕይወት አልተረፈም።

በማግስቱ እትዬ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ሁሉንም ተናገረች።

«እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ» አለቻት ሐኪሟ። «የሕክምና ቦርሳዬም አብሮኝ ነበር።»

እትዬ ፈቃዱን ተከለከለች፤ አምስቱን ውሾች በሳምንቱ ወሰዷቸው። ልጇ እኔ ጋ ኑሪ ብትላትም እምቢ አለች። አሁን እህቷ ሱቅ ትውላለች፤ ሽንኩርት ከመጋዘን አምጪ ስትባል ግን አትንቀሳቀስም፤ እህቷም መጠየቁን ትታለች።