በምልክት የሚነሳ ቁጣ

ልጄ ዩኒቨርሲቲ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በሁዳዴ፣ ውሃ መጠጣት አቆመ። እንጀራውን ትቶ ቅጠል ሲያኝክ ይውላል። ከትምህርት ሲመለስ በላስቲክ ልብስ ተጠቅልሎ የአበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበትን የፌርፋክስን ጎዳና ከላይ እስከ ታች ይሮጥና ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ከንፈሩ ደርቆ ይገባል። እኔ ጾም መሰለኝ። ለምን አይመስለኝም? ከልጅነቱ ጀምሮ ስለ ጾም ሳስተምረው ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን ፍሬ ማፍራቱ አይቀርም ብዬ ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ ለተሰበሰቡት ሽማግሌዎች፣ “የእኔ ልጅ ውሃ እንኳን አይቀምስም” አልኳቸው። አንድ ቄስ፣ “ይህ ልጅ መጨረሻው ገዳም ነው” አሉ። ልጆቻቸው በሁዳዴ ፒዛ የሚበሉባቸው አባቶች ወደ ጫማቸው አዩ። ደስ አለኝ።

በሳምንቱ ዓርብ ውድድሩን ልይ ብዬ ሄድኩ። ትግል እንደሚታገል፣ ትምህርት ቤቱም በነፃ የሚያስተምረው በዚሁ ትግል ምክንያት እንደሆነ አውቅ ነበር። ትግሉ ከሚዛን ጋር ያለውን ዝምድና ግን አላውቅም ነበር። ሚዛን ላይ ወጣ፤ አንድ ሰው ቁጥሩን ጻፈ፤ ልጄ ከሚዛኑ ወርዶ ከቦርሳው የተጠበሰ ዶሮ አወጣ።

“ምንድን ነው ይሄ?” አልኩት።

“ክብደት ስቀንስ ነበር፣ አባዬ። አሁን ተመዘንኩ፣ ሶ መብላት እችላለሁ።”

“ጾም አይደለም እንዴ?”

“ጾም ነው ብዬህ አውቃለሁ?”

“አይደለም ብለኸኝስ ታውቃለህ?”

“መቼ ጠየቅከኝ? ለሰው ስትናገር ነው የሰማሁህ።”

ለቄሱ ግን ነገሩን አላረምኩላቸውም። የገዳሙ ወሬ ልጁ እስኪመረቅ ድረስ እንዳለ ቆየ። ዋሽቼ አላውቅም ስል የምቆጥረው የተናገርኩትን ብቻ ነው፤ ዝም ብዬ የተውኩትን አልቆጥርም።

ትግሉን ግን ወደድኩት። እኩል የሚመዝኑ ሁለት ልጆች አንድ ምንጣፍ ላይ ይገናኛሉ፤ ጀርባው መሬት የነካ ይሸነፋል። ዘመድ አያድንም፣ ምላስ አያድንም። በዚህ አገር ካየሁት ነገር ሁሉ ማስታወቂያ የሌለበት እሱ ብቻ ነው።

እኔ ሚድ ዊልሻየር በሚባለው ሰፈር ውስጥ የአንድ ሕንፃ ፓርኪንግ ጠባቂ ነኝ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን በዚያች የመስታወት ቤት ውስጥ፣ በመኪና መግቢያና መውጫ መካከል፣ እያነበብኩ ጨረስኩት። ራሱን ያስተማረ ሰው አስተማሪ ስላልነበረው ተማሪ ይርበዋል። እኔ የነበረኝ ተማሪ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ልጄ።

ተመርቆ ሥራ ሲፈልግ ከረመና አንድ ቀን፣ “ፕሮፌሽናል ሬስሊንግ ጀመርኩ” አለኝ። ፕሮፌሽናል የሚለው ቃል ደስ አሰኘኝ። ሐኪም ፕሮፌሽናል ነው፣ መሐንዲስ ፕሮፌሽናል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲታገል ላየው ሎንግ ቢች ወረድኩ። ከወደቡ አጠገብ አሮጌ መጋዘን ነው፤ የባሕሩን ንፋስ ፈርቼ ኮቴ ላይ ጋቢ ደርቤያለሁ። የፊተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጡኝ።

መብራቱ ጠፍቶ ከበሮ ተመታ። ልጄ አራት ሰዎች በተሸከሙት ወንበር ላይ ተቀምጦ ገባ። ትከሻው ላይ የነብር ቆዳ የሚመስል ጨርቅ፣ ራሱ ላይ የቆርቆሮ ዘውድ። አስተዋዋቂው፣ ሕዝቡን ረግጦ ሲገዛ ከአፍሪካ የተባረረ ልዑል መሆኑን በጩኸት ነገረን። ልዑሉም በገመድ የታጠረው ሪንግ ላይ ወጥቶ፣ “ስገዱልኝ!” አለ። ሰዉ በጩኸት አዋረደው። ከዚያ አንድ ወፍራም ሰውዬ መጥቶ በጥፊ መታው። እኔ ቅርብ ነኝ፤ ጥፊው ሳያርፍ ድምፁ ደረሰ። ሰውዬው በእግሩ ወለሉን ረግጦ ነው ድምፁን ያወጣው። ልጄ ሦስት ጊዜ ተንከባለለ።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ተመልካቹን ከሪንጉ የሚለየው አጥር ጋ ደርሼ ጣቴን ቀስሬ በአማርኛ ጮህኩ።

“አንተ! ማነው ልዑል? አያትህ ሸማኔ ነው! ለዚህ ነው ያስተማርኩህ? ያንን ቆርቆሮ ከራስህ ላይ አውርድ!”

ልጄ ቀጥ ብሎ ቀረ። በሁለት እጁ ዘውዱን አወለቀና አንገቱን ደፋ፤ እቤት እንደሚያደርገው። ከዚያ እንደ ዶፍ ዝናብ ጭብጨባ ወረደ። ለካ ጋቢዬን አይተው የልዑሉ አባት፣ ትልቁ ንጉሥ፣ መስያቸዋለሁ።

ሲያልቅ የትርኢቱ አዘጋጅ እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ አልለቅም አለ። በማግስቱ ልጄ መልእክቱን ይዞ መጣ።

“አባዬ፣ በየሁለት ሳምንቱ እንድትመጣ ይፈልጋል። ያለ አንተ ልዑሉ ሰው አይስብም፣ አወጣዋለሁ ነው የሚለው።”

“እኔ ውሸት አልሸጥም።”

“ውሸት ማን አለህ? እቤት የምትለኝን ነው በል።”

ባለቤቴ ከኩሽና፣ “እሱስ ልምምድም አያስፈልገው” አለች።

ለልጄ እንጀራ ስል ተስማማሁ አልኩ። ምልክቱ ቀላል ነው፤ አዘጋጁ ጆሮውን ሲያክ እነሳለሁ፣ እቆጣለሁ፣ ልዑሉ ዘውዱን ያወልቃል። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ጋቢዬን በካውያ አስተኮስኩ። ሦስተኛው ላይ የመስታወት ቤቴ ውስጥ ሆኜ ጣት መቀሰር ስለማመድ፣ መኪናዋን ልታወጣ የመጣች ሴት የፓርኪንጉን መዝጊያ እየገሠጽኩ አየችኝ። ፌርፋክስ ላይማ መድረሻ አጣሁ። ምግብ ቤት ገና ከመግባቴ ወሬውን የሰሙት አበሻ ታክሲ ነጂዎች ብድግ ይላሉ።

“ግርማዊነትዎ! ዘውዱን የት ፓርክ አድርገውት መጡ?”

“ጋሼ፣ እባክዎ ለእኔም ልጅ አንድ ቁጣ ይሽጡልኝ። የእኔን ጨርሼዋለሁ።”

የተቆጣሁ መስዬ እቀመጣለሁ። ግን በዚያው ምግብ ቤት መመላለሱን አልተውኩም።

አንድ ቅዳሜ ልጄ ገና ወደ ሪንጉ እየወጣ፣ ምንም ሳያጠፋ፣ አዘጋጁን ጆሮው በላውና አከከው። ብድግ አልኩ። ደሜ ፈላ፣ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ሸማኔውን አነሳሁ፣ ያስተማርኩበትን አነሳሁ። ልጄ በዐይኑ “ገና ነው” ይለኛል፤ እኔ አላቆምኩም። ቁጣ የምለው፣ ልጅ ያሳደግኩበት፣ የእውነት መለኪያዬ ያደረግኩት ነገር፣ ለካ ጆሮ ሲታከክ ይነሳል። ያን ቀን ራሴን መጠየቅ ነበረብኝ። ቀላሉን መረጥኩ፤ የልጁን ሥራ ጠላሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናውን ልጄ ነው የሚነዳው።

“ይህ ማታለል ነው” አልኩት።

“ሁሉም ሰው ማታለል እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ማታለል አይደለም።”

“አንተ የእውነት ጉልበት አለህ። ሚዛን ላይ ቆመህ፣ ምንጣፍ ላይ ወጥተህ ስትታገል አይቼሃለሁ። መመታትህ ካልቀረ በእውነት ተመታ።”

“እሱን ነው የምትፈልገው?”

“እውነቱን ነው የምፈልገው።”

“ኦኬ” አለ።

እኔም ከዚያ በኋላ አልሄድኩም። ልዑልነቱም ቀረ። ልጄ በሽቦ አጥር ውስጥ ሁለት ሰዎች በቡጢም በእግርም በክርንም የሚደባደቡበትን ውድድር ጀመረ። የመጀመሪያውን አሸነፈ። ሁለተኛውንም አሸነፈ። እኔ ፌርፋክስ ላይ ቀና ብዬ መሄድ ጀመርኩ፤ “አሁን ነው ሥራ የያዘው” እላለሁ። ሦስተኛው ላይ የተቃራኒው ክርን ግራ ዐይኑ ላይ አረፈ። እዚያ ድምፁ የሚመጣው ኋላ ነው። ልጄ ወደቀ፤ ለማስመሰል እንደወደቀው ጊዜ ግን አልተንከባለለም።

ሐኪሟ ከዐይኑ ሥር ያለው አጥንት መሰበሩን፣ የዐይኑ የውስጥ ሽፋንም መላቀቁን ነገረችን። ኦፕራሲዮን አደረገችለት። እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ምት ካረፈ ዐይኑ ሊጠፋ እንደሚችል በግልጽ ነገረችው። ልጄ በፋሻው ሥር ሆኖ፣ “ከስድስት ወር በኋላ እመለሳለሁ” አለ።

ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

“አንተ ነህ ያስገባኸው። አንተ አውጣው።”

“እኔ መቼ ግባ አልኩት?”

“በእውነት ተመታ ያለው ማነው? ጎረቤት ነው?”

ነገሩ ይኸው ነበር፤ የልጄ ዐይን እኔ የተናገርኩትን ስህተት ነው በማለቴ ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ ደግሞ ተሳስቼ ነበር ብዬ አላውቅም። እንዲህ ብል ያስተማርኩት ሁሉ አብሮ የሚፈርስ ይመስለኛል። አንድ ምሳ ላይ ሞከርኩ።

“ልጄ፣ ያን ቀን መኪና ውስጥ ያልኩህ ነገር...”

“እ?”

“...ዐይንህን በታጠበ እጅ ንካ።”

“ኦኬ፣ አባዬ።”

ባለቤቴ ሳህኑን ከፊቴ አነሳችው። ገና አልጨረስኩም ነበር።

እሷን ሸሽቼ ሎንግ ቢች ሄድኩ። አዘጋጁን፣ ልጄን መልሰህ ውሰደው አልኩት። ልዑሉን ከቴክሳስ ለመጣ ወጣት ሰጥቶታል። “ልዑል ሞልቶኛል፤ ንጉሥ ነው ያጣሁት” አለኝ። በዕድሜዬ ለልጄ ሥራ ልለምን ሄጄ ለእኔ ተገኘ። እመጣለሁ፣ ግን ልጄን ለአዲሶቹ አወዳደቅ እንዲያስተምር ቅጠርልኝ አልኩት፤ የእውነት ትግል የተማረ ሰው መውደቅ ያውቃል፣ ማስተማሩም ፊቱን ለማንም ቡጢ አይሰጥም። ከሰኞ ጀምሮ ይምጣ አለ።

ልጄ ሲሰማ በደህናው ዐይኑ ብቻ አየኝ።

“ማታለል ነው አላልክም? አሁን ማታለል አስተምር ነው የምትለኝ?”

“ቅዳሜ መጥተህ እይ።”

“ምኑን?”

“እይ አልኩህ።”

መጣ። ጥቁር መነጽር አድርጎ ተወዳዳሪዎች ከሚወጡበት መጋረጃ አጠገብ ቆመ። እኔ ቦታዬ ተቀመጥኩ። የቴክሳሱ ልዑል ወጥቶ ሰዉን ስገዱልኝ አለ፣ ሰደበ። አዘጋጁ ጆሮውን አከከ።

ተነሳሁ። ጣቴን ቀሰርኩ። የተለመደውን ልል አፌን ስከፍት ሌላ ነገር ወጣ፤ ድምፁ የዚያው የቁጣ ድምፅ ነው፣ ሌላ ድምፅ የለኝም።

“ስማኝ!” አልኩ በአማርኛ። “ተሳስቻለሁ! መኪና ውስጥ ያልኩህ ስህተት ነው! የተናደድኩት በራሴ ነው፣ በአንተ ላይ ተወጣሁት! እዚያ አጥር ውስጥ አትመለስ! ዐይንህ ከእኔ እውነት ይበልጣል! ይቅር በለኝ!”

የቴክሳሱ ልጅ እንደተነገረው ዘውዱን አውልቆ አንገቱን ደፋ። ሰዉ በደስታ አበደ። ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ፣ “ንገረው! ልክ ልኩን ንገረው!” እያለች በእንግሊዝኛ ታበረታታኛለች። ወደ መጋረጃው ለማየት ድፍረት አጣሁና ተቀመጥኩ።

ስንመለስ የነዳሁት እኔ ነኝ፤ እሱ መንዳት ተከልክሏል።

“ልጁ ደንግጧል” አለ።

“የትኛው ልጅ?”

“የቴክሳሱ። ‘አባትህ ምን ብሎ ነው የሰደበኝ? ዛሬ ከሌላው ጊዜ ይከፋል’ አለኝ።”

“ምን አልከው?”

“የቤተሰብ ጉዳይ ነው አልኩት።”

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። እኔ መንገዱን አየሁ።

“አዘጋጁ ሰኞ ጠዋት ነው ያለው?” አለ።

“ጠዋት ነው።”

“ድራይቭ የሚያደርገኝ ሰው እፈልጋለሁ።”

“ፈረቃዬን እቀይራለሁ” አልኩት። ከዚያ ደስታዬን እንዴት እንደምይዘው ስላላወቅኩ፣ ማስተማር የተከበረ ሙያ መሆኑን፣ አስተማሪ ሰዓት ማክበር እንዳለበት፣ ተማሪውንም በከንቱ መቆጣት እንደሌለበት አስረዳው ጀመር።

“አባዬ፣ ገባኝ” አለና ሬዲዮውን ከፈተ።