የቢቸናዎቹ ከቀብር እስኪመለሱ የቆመው ጨረታ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ ፍልሰታ ተፈትቶ ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ቢቸና ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ብዙ ነገር ቶሎ የምረሳ ሰው ነኝ፤ ይህን ግን አልረሳውም። አይቼው የማላውቅ ሰው፣ በቀላሉ ሊያሸንፈኝ በሚችልበት ሰዓት እጁን ሰብስቦ ስለጠበቀኝ ነው።

ታናሽ እህቴ ስመኝ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ያላትም በእግር የምትረገጥ አንዲት የስፌት መኪና ናት። በዚያ ክረምት የአንድ ትምህርት ቤት ወላጆች የልጆቻቸውን ዩኒፎርም እንድትሰፋላቸው ጠየቋት። አንድ ነገር ግን አጥብቀው ፈለጉ። የጨርቁ ጫፍ በኦቨርሎክ መያዝ አለበት። ኦቨርሎክ የጨርቁን ጫፍ እየከረከመ በክር የሚቋጥር መኪና ነው። ያለ እሱ የተሰፋ ልብስ ጥቂት ከታጠበ በኋላ ከውስጥ መተርተር ይጀምራል። ወላጆቹም "ካልሆነ ደብረ ማርቆስ እናሰፋለን" አሏት።

ስመኝ እስከዚያ ድረስ የምትሠራው የሰው ሱሪ ማሳጠርና የተቀደደ መጠገን ነበር። ይህ ሥራ ከዚያ የምትወጣበት በር ነው።

ሞጣ ውስጥ ያገለገሉ ዕቃዎች በጨረታ የሚሸጡበት የቴሌግራም ግሩፕ አለ። የሚመሩት ወይዘሮ ፋጡማ የሚባሉ ነጋዴ ናቸው። ሰኞ የዕቃውን ፎቶ ይለጥፋሉ፤ ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ "ተዘግቷል" ብለው ይጽፋሉ። እስከዚያ ድረስ ከፍተኛውን ዋጋ የጻፈ ሰው ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የተጻፈ አይቆጠርም። እኛ ኦቨርሎክ ስንፈልግ በሰነበትንበት ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት አንዲት ደህና ኦቨርሎክ ወጣች።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ። በኦንላይን ጨረታ ውስጥ ስንት ትጽፋለህ ከሚለው እኩል መቼ ትጽፋለህ የሚለውም ወሳኝ ነው። ቀድመህ ከጻፍህ ፍላጎትህን ለሁሉ ታሳያለህ። ሌላው እልህ ይይዘውና ይጨምራል፤ አንተም ትጨምራለህ፤ በመጨረሻ ሁለታችሁም ካሰባችሁት በላይ ትከፍላላችሁ። ስለዚህ ጣሪያህን አስቀድመህ ወስነህ ዝም ትላለህ። ሊዘጋ ሲል፣ ሌላው መልስ ለመስጠት ፋታ ሳያገኝ ትልከዋለህ። በእኛ አገር ኔትወርኩም ስለሚያንቀላፋ ለእሱ የሚሆን ትንሽ ጊዜ ትተዋለህ። ይህን ሁሉ ለስመኝ በወረቀት ላይ መስመር እየሠራሁ አስረዳኋት።

"አንተ ሰውዬ፣ መኪና ልትገዛልኝ ነው ወይስ ልትፈትነኝ?" አለችኝ።

ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ስልኬን ይዛ አገኘኋት። ግሩፑ ላይ ዋጋ ጽፋለች። ከሥሩም እንዲህ ብላለች፦ "ስመኝ ነኝ ከቢቸና። መምህሩ ወንድሜ ዝም በይ ብሎኛል። መኪናዋን ግን ፈልጌያታለሁ።"

ጭንቅላቴን ያዝሁ። ወዲያው መልስ መጣ። የላከው "ሰይድ ልብስ ስፌት" የሚል ስም ያለው ሰው ነው፦ "እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። እኔም ፈልጌያታለሁ። ወንድምሽ ልክ ነው፣ ዝም በይ።" ከእሷ በላይ ጨምሮ ነበር።

ግሩፑ በሳቅ ምልክት ተሞላ። ከዚያ ወዲያ ስማችን "የቢቸናዎቹ" ሆነ። ሌሎች ተጫራቾች አንድ በአንድ ተውት፤ እኛና ሰይድ ብቻ ቀረን። ሴት ልጁ አብራው መሥራት እንደጀመረች፣ አንድ ኦቨርሎክ ለሁለት ሰው እንዳልበቃቸው ሲጽፍ አየን። እሱም እንደኛው በቂ ምክንያት ነበረው።

ስመኝ ስልኬን ሁለተኛ እንዳትነካ አስማልኋትና ሐሙስን መጠበቅ ጀመርሁ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ የአከራያችን እናት እማሆይ ጥሩወርቅ አረፉ። የምንኖረው እሳቸው ግቢ ውስጥ ነው። እኔ ከጎረቤት ጋር ድንኳን ስተክል፣ ስመኝ ከሴቶቹ ጋር ስትንጎዳጎድ አረፈድን። ቀብሩ ሰባት ሰዓት ላይ ተባለ። አሰላሁት። ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው፤ ቢዘገይ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንመለሳለን፤ እስከ አሥር ጊዜ አለን።

ልንወጣ ስንል ስመኝ ነጠላዋን እያዘቀዘቀች "አሁን ላከውና እንገላገል" አለችኝ።

"ገና ነው። አሁን ከላክሁ ሰይድ መልስ የሚሰጥበት ስንት ሰዓት አለው መሰለሽ!"

"እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።"

ዝናቡ ይዘንባል፣ ቃሬዛ እሸከማለሁ ብዬ ስልኬን ቤት ትቼው ወጣሁ።

ያልቆጠርሁት አንድ ነገር ነበር። የእማሆይ ባለቤት በሕይወት ሳሉ የቅኔ መምህር ነበሩ። በእኛ አገር የየኔታ ሚስት ስትቀበር የየኔታ ተማሪዎች ዝም ብለው አፈር አልብሰው አይመለሱም። ከደብረ ኤልያስ የመጡ ነበሩ፣ ከየገጠሩ ደብር የመጡም ነበሩ። ፍትሐቱ እንዳበቃ አንዱ ተነሥቶ ተቀኘ። ሽማግሌዎቹ "ይበል!" አሉ። እሱ ሲጨርስ ሌላው ተነሣ። ቅኔ እየተባለ ማን ከጉባኤ ይወጣል? ለዚያውም እኔ ከቃሬዛው ራስጌ ነበርሁ። በሴቶቹ በኩል ቆማ የነበረችው ስመኝ ቅንድቧን አነሣችብኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

በመጨረሻ የተነሡት አንድ ያረጁ መሪጌታ ናቸው። ለተራቡ ደቀ መዛሙርት ሲዘረጋ ስለኖረው የእማሆይ እጅ ተቀኙ። ትልልቆቹ ሰዎች አለቀሱ። እኔም እውነቱን ለመናገር ጨረታውን ረሳሁት።

ቤት ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ስልኩን ያነሣሁት ቁርጤን ለማወቅ ያህል ነበር። በርካታ መልእክት ተከማችቷል። ከላይ ጀምሬ ለስመኝ አነበብሁላት።

ወይዘሮ ፋጡማ፦ "ሊዘጋ ነው። ከፍተኛው የሰይድ ነው። የቢቸናዎቹ የት ገቡ?"

አንድ የቢቸና ሰው፦ "ቀብር ላይ ናቸው። የአከራያቸው እናት ሞተው።"

ሌላ ሰው፦ "ነፍስ ይማር። ቢሆንም ሰዓት ሰዓት ነው። ሰይድ፣ እንኳን ደስ አለህ፣ ሥጋ ጋብዘን!"

ቀጥሎ የሰይድ የድምፅ መልእክት ነበር። ከስመኝ ጋር ጆሯችንን አጋጥመን ሰማነው። ከኋላው የስፌት መኪና ይንኳኳል። "ፋጡማ፣ እንዳትዘጊው። ሰዎቹ አስከሬን ይዘው ቆመዋል። ነገ በዚሁ ሰዓት ይሁን።"

ወይዘሮ ፋጡማ፦ "ሕግ አለን እኮ ሰይድ። ዛሬ ለእነሱ ካራዘምሁ ነገ ሁሉም ተነሥቶ ቀብር አለብኝ ይለኛል።"

ሰይድ፦ "ያኔ የሟቹን ስም ጠይቂያቸዋ! አሁን ዘግተሽ ለእኔ ብትሰጪኝ አልወስዳትም። እዚያው ሱቅሽ ውስጥ ዝገት ይብላት።"

ወይዘሮ ፋጡማ፦ "ኧረ በቃኝ! ነገ አሥር ሰዓት። የቢቸናዎቹ፣ ያጥናችሁ።"

ስልኩን አስቀመጥሁት። የመጨረሻዋ ደቂቃ ምን ያህል ውድ እንደሆነች ከእኔ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር። እኔ ከሰይድ ልነጥቃት ሳምንቱን ሙሉ ያደባሁላት ደቂቃ እጁ ላይ ወደቀችለት፤ እሱ መልሶ ሰጠን። ስመኝ ቀብሩ ላይ ያልወጣላት እንባ አሁን ወጣ።

በማግሥቱ "እንተውለት" አልኋት።

"ለምን?"

"ጠብቆናል እኮ።"

"የጠበቀህ እንድትጫረት ነው። አሁን ብትተወው ልፋቱን ከንቱ ታደርግበታለህ።"

እውነቷን ነው። በመጨረሻው ደቂቃ ከተፍ ማለት ግን አቃተኝ። ሰይድ ከጁምዓ ሶላት እስኪመለስ ጠበቅሁ። ከዚያ ገና ብዙ ጊዜ ሳለ ጣሪያችንን ጻፍሁት፦ "ጋሽ ሰይድ፣ እግዜር ይስጥልን። አቅማችን ይኸው ነው፤ ከዚህ አናልፍም።" ለሰዎች ሳስረዳ እንዲህ ማድረግ የለባችሁም የምለውን ሁሉ በአንድ መልእክት አደረግሁት።

ስመኝ የስፌት መኪናዋን መርገጥ አቆመች። እኔ በሩ ላይ ወጣሁ፣ ገባሁ። ለአሥር ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ስልኩ ጮኸ።

"መምህር፣ አትቀየመኝ። እኔም ልጅ አለችኝ። ጨምሬያለሁ።"

ወይዘሮ ፋጡማ "ተዘግቷል" ብለው ጻፉ።

ስመኝ ጀምራው የነበረውን ስፌት ጨርሳ ክሩን ቆረጠች። በኋላ ዞር ብላ "ሊዘጋ ሲል መጣብህ አይደል?" አለችና ሳቀች። እየሳቀች ስልኩን ከእጄ ወስዳ ደወለችለት።

"ጋሽ ሰይድ፣ ስመኝ ነኝ። መኪናዋን ወሰዱብኝ።"

"ወሰድሁብሽ፣ ምን ላድርግ።"

"መኪናዋ ለማን ነው የምትሠራው?"

"ገንዘቡን ይዞ ለመጣ ሁሉ።"

"እንግዲያው መጣሁ።"

ዩኒፎርሙን ቢቸና ቆርጣ፣ ጫፉን ሞጣ እሱ ጋ አስይዛ፣ ተመልሳ ልትሰፋው ተስማሙ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የተቆረጠውን ጨርቅ በማዳበሪያ ሞልተን በሚኒባስ ሞጣ ወረድን።

ሰይድ ረዥም ሰው ነው፣ አንገቱ ላይ ሜትር ተጠምጥሟል። ልጁ ሐያት አዲሷ መኪና ላይ ተቀምጣለች። "በመጨረሻ ሰዓት የሚመጣው መምህር አንተ ነህ?" ብሎ እጄን ጨብጦ ከት ብሎ ሳቀ። ዋጋ ሲነጋገሩ ለስመኝ አላረከሰላትም። ከሌላው ሰው የሚቀበለውን ጠየቃት። እሷም ያንን ወደደችለት፤ እንደ ባለሙያ ቆጥሯታል።

በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ምስጋና ነበረኝ። "ጋሽ ሰይድ፣ ያን ቀን ለምን ጠበቁን?" አልሁት።

መልስ ሳይሰጠኝ አንዲት ሴት ከጎን ካለው ሱቅ ፊት ቆመች። በሩ ክፍት ነው፣ ደፉ ላይ ግን ወንበር ተጋድሟል።

"ባለሱቁ አየነው ተዝካር ሄዷል። ምን ፈልገሽ ነው?" አላት ሰይድ።

"ገበር።"

"ትንሽ ተቀመጪ፣ ይመጣል።" በርጩማ አወጣላት።

ሴትየዋ ወደ እሱ መደርደሪያ አየች። የገበር ጥቅሎች ተደርድረዋል። "ይኸው እርስዎ ጋ አለ አይደል እንዴ? ከእርስዎ ልውሰድ።"

"የመጣሽው እሱ ጋ ነው" አለና መቀሱን አነሣ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ምን ነበር የጠየቅኸኝ?" አለኝ።

"ምንም" አልሁት።

ዩኒፎርሙ ትምህርት ሳይጀመር ደረሰ። ስመኝ ዛሬም በየጊዜው ሞጣ ትመላለሳለች፤ የራሷን ኦቨርሎክ ገና አልገዛችም። እኔም አሁንም እጫረታለሁ። መምህራን ክፍል ውስጥ የጠየቀኝ ሁሉ ስለ ሰዓት አጠባበቅ ያንኑ አስረዳዋለሁ፤ ትክክል ስለሆነ። መሸነፌ ያስደስተኛል ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል። ያ ሰው ሐሙስ ዕለት በሌለሁበት ሊያሸንፈኝ አልፈለገም፤ ዓርብ ዕለት ባለሁበት፣ ባለ በሌለ ኃይሉ አሸነፈኝ። ስለ ሁለቱም ቀን አከብረዋለሁ፤ የተሸነፍሁት በእሱ መሆኑንም ለሰው ስናገር ኩራት ይሰማኛል።