የእናቴ እግርና የአባቴ መኪና ማሞቂያ

ልጅ እያለሁ ቤታችን ውስጥ ሦስት ሰውና አንዲት መኪና እንኖር ነበር። መኪናዋን ከሰው እኩል የምቆጥራት አባቴ እንደዚያ ስለሚቆጥራት ነው። ጠዋት ከመኝታ ቤት ሲወጣ መጀመሪያ ጋራዥ ገብቶ ኮፈኗን መታ መታ ያደርግና ነው ወደ እኛ ለቁርስ የሚመጣው። የእንግሊዝ ሥሪት ናት፤ የእሱ እኩያ፣ ቀይ፣ ሁለት በር፣ ጣሪያዋ ሸራ። ከማጠሯ የተነሳ አባቴ ከውስጧ ሲወጣ ከጉድጓድ የሚወጣ ሰው ይመስል ነበር። ከፊት ሁለት ወንበር አላት፤ ከኋላ ደግሞ ወንበር ሊባል የማይችል፣ ቦርሳዬንና እኔን በአግድም የሚይዝ ጠባብ ቦታ። እዚያ ተጣጥፌ የማሸተው የቤንዚን፣ ያረጀ ቆዳና የእርጥብ ሸራ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

ዘመኑ ቦሌ ላይ ፎቅ እንደ አሸን የሚፈላበት ነበር። ጠዋት ያለፍንበት መንገድ ማታ ስንመለስ በአሸዋና በብሎኬት ተዘግቶ እናገኘዋለን። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ከዱባይ የገባ መኪና ሲይዙ አባቴ አንድ ሽማግሌ ታካሚው አገር ለቆ ሲሄድ የሸጠለትን ይህችን አሮጊት ይዞ ቀረ። የጥርስ ሐኪም ነው። ክሊኒኩ ከመድኃኔዓለም ብዙ አይርቅም። እጁ ቀላል፣ ንግግሩ ለስላሳ፣ ተስፋ መቁረጥ የማያውቅ ሰው ነበር። የበሰበሰ ጥርስ ከመንቀል ይልቅ ሦስት ወር ሲያክመው ደስ ይለዋል።

እናቴ ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች ናት። አዲስ አበባን ወዳ ሳይሆን አባቴን ወዳ ነው የመጣችው፤ ብርዱን ግን አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ይቅር አላለችውም። በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበረች። ከሰኔ እስከ መስከረም ሁለት ሹራብ፣ ሁለት ካልሲና አንድ ወፍራም ሻርፕ ለብሳ ነው የምትውለው። በመኪናዋ ሸራና በመስታወቱ መካከል የሚገባው ንፋስ ደግሞ ቀጥታ እሷ ጋ ነበር የሚሄደው። እግሯ የሚያርፍበት ቦታ ማሞቂያ አለ፤ መጎተቻው ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል፤ ነገር ግን ገዝተን ካመጣናት ጀምሮ ሠርቶ አያውቅም። እናቴ በመጨረሻ መኪናዋን ትታ በታክሲ መሄድ ጀመረች።

በዚያ ክረምት አንድ ደላላ በራችንን አንኳኳ። በሰፈራችን የመንገድ ዳር አጥር ሁሉ እየፈረሰ ሱቅ፣ ፎቶ ኮፒ ቤትና ኢንተርኔት ካፌ እየሆነ ነበር፤ የእኛም ጋራዥ ፈላጊ መጥቶለታል። እናቴ ሰውየውን ሻይ አጠጥታ ሸኘችውና ወደ አባቴ ዞረች።

«እስከ እንቁጣጣሽ እግሬ ከሞቀ መኪናዋ ትኑር» አለችው። «ካልሞቀ ጋራዡን ለደላላው እሰጠዋለሁ።»

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። እኔ ግን ከእሱ የበለጠ ደነገጥኩ፤ የደነገጥኩትም መኪናዋ ትሸጣለች ብዬ ብቻ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ጉንፋን እንዳይዘኝ በየጠዋቱ አንድ የዓሳ ዘይት እንክብል በገዛ እጇ አፌ ውስጥ ታደርግልኛለች፤ ቢጫ፣ አሙለጭላጭ፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል። ከዚያ እሷ ወደ ታክሲው፣ እኔና አባቴ ወደ መኪናዋ፤ እሷ ስለሌለች ከፊት በእሷ ወንበር እቀመጣለሁ። እኔ እንክብሉን ምላሴ ሥር ደብቄ እቆያለሁ። መታጠፊያው ላይ አባቴ ወደ ቀኝ ሲያይ አወጣና ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው ረጅም ቀዳዳ ውስጥ ሹልክ አደርገዋለሁ። መሬት ብጥለው ይገኛል፤ ኪሴ ብከተው እናቴ ልብስ ስታጥብ ታገኘዋለች። ያ ቀዳዳ ግን የገባበትን አይመልስም። ትምህርት ቤት ሲዘጋም ለክረምት ትምህርት በመኪናዋ ስለምሄድ ሥራዬን አላቋረጥኩም። ቀዳዳው የማሞቂያው አፍ መሆኑን ያወቅሁት አባቴ የመኪናዋን መጽሐፍ ከፍቶ ሥዕሉን ሲያሳየኝ ነው።

መጀመሪያ ሦስታችንም ገርጂ ጋሽ ተፈራ ጋራዥ ሄድን። ጋሽ ተፈራ የከተማውን አሮጌ መኪና ሁሉ በድምፅ የሚለዩ፣ ነጭ ጢም ያላቸው መካኒክ ነበሩ። ማሞቂያው ከዳሽቦርዱ ጀርባ ባለ ሳጥን ውስጥ እንደሆነ፣ እሱን ለማውጣት የመኪናዋ ግማሽ መፈታት እንዳለበት አስረዱና አባቴን በሐዘኔታ አዩት።

«ዶክተር፣ ይሄ ለበረዶ አገር የተሠራ ነው። እዚህ ማን ይፈልገዋል?»

«እኔ እፈልገዋለሁ» አለች እናቴ። «አንተ ስለማይበርድህ ነው።»

ሠራተኞቹ ሁሉ ሥራቸውን አቆሙ። ጋሽ ተፈራን አንተ የሚል ሰው በዚያ ግቢ ተሰምቶ አያውቅም። የድሬዳዋ ሰው ግን ሽማግሌም ቢሆን ጳጳስም ቢሆን አንተ ነው የሚለው፤ ንቀት የለበትም። እሳቸውም ገባቸው መሰለኝ፣ እየሳቁ ድሬዳዋ የት ሰፈር ነሽ አሏት። ማሞቂያውን ግን አልነካም አሉ።

አባቴ ራሱ ሊሠራው ወሰነ። ከካቻቪቴ በስተቀር የመኪና መሣሪያ ስላልነበረው የክሊኒኩን ይዞ መጣ። በጥርስ መስታወቱ ዳሽቦርዱ ሥር እያየ፣ በቀጭኗ መንጠቆ ዝገት እየፋቀ፣ ድድ በሚያደነዝዝበት መርፌ ጠባብ ቦታ ላይ ዘይት እያንጠባጠበ ሁለት ሳምንት ሠራ። ከልማዱ የተነሳ መኪናዋን «ትንሽ ይሰማሻል፣ አይዞሽ» ይላት ነበር። ክሊኒክ ውስጥም ሐሳቡ እሷ ጋ ነው። የአንድ ታካሚ አፍ ውስጥ ጥጥ ሞልቶ ስለ ማሞቂያው ሲያማክረው ቆይቶ፣ ሰውየው የሚመልሰው ሲያጣ፣ የተስማማ መስሎት ሄዶ አዲስ ጎማ ቱቦ እንደገዛ ራሱ ነግሮናል።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ፋኑን ጠርጎ አስነሳው። ተጠርተን ወደ ጋራዡ ሄድን። ማሞቂያው እየጮኸ ነፋ። እናቴ እጇን ዘረጋችና መለሰችው።

«ድሮ ብርዱ በራሱ ነበር የሚመጣው» አለች። «አሁን በሞተር ታገዘ።»

በዚያ ላይ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር ከፋኑ ጋር ይንኳኳ ነበር። አባቴ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና «ጥርሷ ተነቃንቋል» አለ። እሁድ ሳጥኑን አውጥቶ ይከፍተዋል። ተነቃነቀ ያለውን ነገር ከእኔ በስተቀር የሚያውቀው አልነበረም።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ እናቴን ስለ ብርድ ጥቅም ሳስረዳት ዋልኩ። ብርድ ደም ያንቀሳቅሳል፣ እንግሊዞች ራሳቸው በብርድ ነው ያደጉት አልኳት። ግንባሬን ዳሰሰችና ትኩሳት እንደሌለኝ አረጋገጠች። ሌላ መንገድ ሳጣ ለመድኃኔዓለም ጧፍ ተሳልኩ።

እሁድ ከሰዓት አባቴ ዳሽቦርዱ ሥር ገብቶ እግሩ ብቻ ውጪ ቀርቷል። አንደኛውን ቡሎን ፈትቶ ሁለተኛውን ጀምሯል። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ሥራውን ልታይ መጣችና ኮፈኑ ሥር አጎነበሰች። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነገር አያልፈውም። ሞተሩ ጥግ ላይ፣ ቱቦው የሚነሳበት ቦታ፣ የጓሮ ቧንቧ መክፈቻ የምትመስል ትንሽ የነሐስ ነገር አየች።

«ይሄ መክፈቻ ለምንድነው?»

አባቴ ከታች ሆኖ አትንኪው አላት። እሷ ግን ጨርቅ ጠቅልላ አዞረችው። ከብዷት ነበር፤ ሲጥ ብሎ ዞረ። ከዚያ ሞተሩን እንዲያስነሳ ነገረችው። አባቴ እሷን ለማስደሰት ብሎ አስነሳ። ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቅን፤ ፋኑን ከፈተ፤ ከእግር ሥር የምድጃ አፍ የመሰለ ሙቀት ወጣ። ሙቅ ውሃው ወደ ማሞቂያው እንዳይሄድ ዘግቶት የኖረው ያ መክፈቻ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሙሉ የታከመችው መኪና በሽታ አልነበረባትም። አባቴ ሳቀና የፈታውን ቡሎን መልሶ አሰረ። ሳጥኑ ሊከፈት አይደለም። እኔ ጧፍ ልግዛ ብዬ እየሮጥኩ ወጣሁ።

ወዲያው መድኃኔዓለምን ልንሳለም ተነሳን። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። አባቴ ሙሉ ልብሱን ለብሷል፤ እናቴ ከፊት፣ እኔ ከነጧፌ ከኋላ። አንድ አዲስ ሕንፃ ጋ ስንደርስ እናቴ ሻርፗን አወረደች። ቀጥላ አንዱን ሹራብ፤ ቀጥላ ጫማዋን አወለቀችና እግሯን ወደ ሙቀቱ ዘረጋች። ክረምት ላይ የእናቴን ክንድ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። የሆነ የሠርግ ዘፈን ታንጎራጉር ጀመር፤ እጇን አባቴ ማርሽ በያዘበት እጁ ላይ ጣል አደረገች። እናቴ ለአሥራ አምስት ዓመት የተኳረፈችው ከብርዱ ጋር ብቻ ቢሆንም፣ በዚያች ሰዓት ሁለቱ የታረቁ ሰዎች ይመስሉ ነበር።

ሽታው የመጣው ያኔ ነው። መጀመሪያ ቀጭን ነበር፤ ቀጥሎ የዓሳ ገበያ መሐል የቆምን መሰለ። ፍልሰታ ነው፤ የምንሄደው ቤተ ክርስቲያን ነው። አባቴ የሚቃጠል ነገር አለ ብሎ ደነገጠ። ሸራውን እንዳይከፍት ዝናብ ነው፤ ሙቀቱን እንዳይዘጋ መክፈቻው ያለው ኮፈን ሥር ነው። መንገዱ በሲሚንቶ መኪና ተዘግቶ ስለነበር እዚያው አቆማትና ከነሙሉ ልብሱ ዝናቡ ውስጥ ወረደ።

እናቴ ጎንበስ ብላ እግሯን ዳሰሰች። ካልሲዋ ላይ ቢጫ ጠብታ ነበር። ጣቷን አሸተተች፤ ወደ ኋላ ሳትዞር ጠየቀችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከግንቦት።»

«በየቀኑ?»

«እሁድ እሁድ እውጠዋለሁ» አልኩ። እውነቴን ነው፤ እሁድ ጠዋት መኪና የለም።

አቀረቀረች፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ እኔም ልጀምር ስል በሁለት እጇ አፏን ይዛ ስትስቅ አየኋት።

ውጪ አንድ ትራፊክ ፖሊስ አባቴን ምን ሆነች ብሎ ሲጠይቀው ተሰማን። አባቴ ማሞቂያዋ ሠራ አለው። ፖሊሱ ቀጥሎ የሚለውን ጠበቀ፤ የሚቀጥል ነገር አልነበረም።

አባቴ መክፈቻውን ዘግቶ፣ ውሃ እያንጠባጠበ፣ የተቃጠለ አውራ ጣቱን እየጠባ ተመለሰ። «የትኛው ጎማ እንደተቃጠለ አልገባኝም» አለ።

እናቴ ቀና አለች። «ጎማ ነው፤ እንለምደዋለን። ሂድና ክፈተው፣ ቀዘቀዘኝ።»

አባቴ ተመልሶ ዝናቡ ውስጥ ወረደ። ፖሊሱ አሁን የሚያየው መኪናዋን ሳይሆን እሱን ነበር።

ደላላው በሳምንቱ ሲመጣ እናቴ ጋራዡ ሰው አለበት ብላ መለሰችው። ጋሽ ተፈራ ወሬውን ሲሰሙ መክፈቻውን ለቀድሞው ባለቤት የዘጉት ራሳቸው መሆናቸውን፣ ማን ይፈልገዋል ብለው እንደሆነ ተናገሩ። ሽታው ግን እስከ ቀጣዩ ክረምት አብሮን ኖረ። አባቴ ቅርንፉድ አስቀመጠበት፣ የብርቱካን ልጣጭ ሰቀለበት፤ አልተበገረም። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንክብሌን ውጬ አፌን ከፍቼ፣ ምላሴን አንስቼ እናቴን ሳላሳይ ከቤት አልወጣሁም።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ አንድ ቀን መኪናዋን አብረን እያጠብን ለአባቴ ተናዘዝኩ። ስፖንጁን ከመጭመቅ አላቆመም።

«ሃያ አምስት ዓመት የሰው አፍ አሽትቻለሁ» አለኝ። «የዓሳ ዘይትና ጎማ ይምታታብኛል? ያኔ እናትሽ ሹራቧን አውልቃ ነበር፤ ጎማ ነው ስትለኝ ምን ብዬ ልከራከራት?»

አሁን አባቴ የለም። ቤታችን በነበረበት ቦታ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ መኪናዋን የአሮጌ መኪና ወዳጅ የሆነ ወጣት ወስዷታል፣ በበዓል ቀን ሲነዳት አይቼ አውቃለሁ። እኔና እናቴ የካ አባዶ ነው የምንኖረው። በክረምት ጠዋት ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ ረጅም ስለሆነ ሐኪም ቤት ሳደርሳት ገና ከግቢ ሳንወጣ የማሞቂያውን ቁልፍ እጫናለሁ፤ ምንም ሳይጮህ፣ ምንም ሳይሸት መኪናው ይሞቃል።

ባለፈው ሰኞ ሞቀሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። በዝናቡ መሐል ወደ ውጪ እያየች ሞቆኛል አለችኝ። ብዙ ከሄድን በኋላ ግን ሻርፗን ሳብ አድርጋ አንገቷ ላይ ጠቀለለችና «የአባትሽ ይበልጥ ነበር» አለች።