ሃምሳ ቁጥር ዘይት

ጎረቤቴ ቶፊቅ መስቀል ሰሞን አንድ አሮጌ ፒክአፕ ገዛ። ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ የሚቀሰቅሰኝ ዶሮ ብቻ አይደለም። ቁልፉን ሲያዞር ከሞተሩ ውስጥ ሰው በመዶሻ ቆርቆሮ የሚደበድብ ይመስላል፤ መኪናዋ ስትሞቅ ድምፁ ይጠፋል። በሦስተኛው ሳምንት ትዕግሥቴ አለቀና ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ።

"ቶፊቄ፣ እንዴት አደርክ? ይቺን መኪና ምን አጠጣሃት?"

"አልሃምዱሊላህ፣ እትዬ ዘሃራ። አርጅታ ነው አሉኝ። መካኒኩ ሃምሳ ቁጥር ዘይት አድርግባት፣ ወፍራም ዘይት ድምፅ ያፍናል ብሎኛል።"

ሃምሳ ቁጥር ሲል ደሜ ፈላ። እኔ ከተማችን መካነ ሰላም ያን ነገር ከረሳችው ቆየች ብዬ ነበር። ለካስ የሚያደምጣት ጆሮ እስካገኘች ድረስ ሞኝነትም ዕድሜዋ ረጅም ነው። ቶፊቅን ነገ እነግርሃለሁ ብዬ ገባሁና ሻይ ጥጄ ተቀመጥኩ። ሻዩ ሲፈላ እኔ መካነ ሰላም ውስጥ አልነበርኩም። መካነ ሰላም ውስጥስ ነበርኩ፣ ግን የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ።

ያኔ ኢህአዴግ ከገባ የተወሰኑ ዓመታት አልፈዋል። ወደ ውጭ ለመደወል ቴሌ በር ላይ ወረፋ የሚጠበቅበት፣ ወደ ደሴ የሚያወጣው ፒስታ መንገድ ደግሞ ክረምት ላይ ጭቃ፣ በጋ ላይ አቧራ የሆነበት ጊዜ ነበር። እኔ ሳውዲ በሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርቼ በጥቅምት አጋማሽ ገባሁ። የስድስት ዓመት ላቤ ደጃችን ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤ አነስተኛ የጭነት መኪና። በላክሁት ገንዘብ አባቴ ገዝቷት፣ ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ይነዳታል። ገብስ፣ ስንዴና በግ ጭና በአቀስታ በኩል ደሴ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ጨውና ሳሙና፣ አንዳንዴም የቤት ክዳን ቆርቆሮ ትይዛለች። እኔ በመጣሁ ማግስት ጠዋት ግን የሰማሁት ድምፅ የመኪና አልነበረም፤ የቶፊቅ ፒክአፕ ከሱ ጋር ሲተያይ ሹክሹክታ ነው።

በማለዳ እሷን ማስነሳት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ማታ ሞተሯን በአሮጌ ብርድ ልብስ ይጠቀልሏታል። የጠዋት ፀሐይ ቶሎ እንዲያገኛት አፍንጫዋን ወደ ምሥራቅ አዙረው ያቆሟታል። ሲነጋ የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይመጣል። ያም ሁሉ ሆኖ ስትነሳ ሰፈሩ ይደነግጣል። በተንኳኳች ቁጥር ደግሞ መካኒኩ ዘይቷን ያወፍርላታል፤ መጀመሪያ አርባ ቁጥር፣ ቀጥሎ ሃምሳ።

መካኒኩ ጋሽ መኮንን ይባላል። በደርግ ጊዜ የጦር መኪና ሲጠግን የኖረ፣ የተከበረ ሰው ነው። ሌባ አልነበረም፤ ይህን በሱ ላይ መናገር ግፍ ይሆንብኛል። ልክ ነኝ ማለት ለምዶ፣ ተሳስቻለሁ ማለት የጠፋው ሰው ነበር። ሞተሯን አዳምጦ የፈረደው ፍርድ ይህ ነው፦ "ብሮንዚናው፣ የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ብረት፣ አልቋል። ሞተር ይውረድ ካላችሁ ወጪው ከመኪናዋ ይበልጣል። ነገሩ ሳይሰማ ሽጧት።" ገዢም አላጣላትም፤ የሚስቱ ወንድም፣ እህል ነጋዴው ይመር ነበር። በህዳር ሁለተኛው ቅዳሜ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ዱዓ ተደርጎ ሽያጩ ሊያልቅ ተቀጥሯል።

አባቴ ይህን የነገረኝ የገብስ ዳቦ እየቆረሰ ነው። ደግ ሰው ነበር፤ ክፉ ወሬ ሲያወራ ምግብ ያቀርባል።

"አብሽሪ ልጄ። መኪና ይሄዳል፣ ይመጣል። ደላላው ቪዛ አለ ብሏል፤ ፓስፖርትሽን ሰጥቼዋለሁ። ሁለት ዓመት ብትሠሪ ሌላ እንገዛለን ኢንሻአላህ።"

ሁለት ዓመት! እንደ ሁለት ቀን አድርጎ ነበር ያላት። እኔ እዚያ አንዲቱ ሌሊት ስንት እንደምትረዝም አውቃለሁ። የሰው ልጅ አዝዬ የእናቴን ሞት በስልክ ሰምቻለሁ።

"አባዬ፣ እኔ አልመለስም።"

"መኪናዋስ?"

"መኪናዋም አትሸጥም።"

ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝና ዳቦውን መቁረስ ቀጠለ።

እዚህ ላይ ከየት አምጥቼ እንደደፈርኩ ልናገር። ሳውዲ ሲባል ሰው ሁሉ አሸዋ ይመስለዋል። እኔ የሠራሁበት አብሃ ግን ተራራ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ ጭጋጉም ብርዱም ከእኛ አያንስም። አሠሪዬ ከመኖሪያ ቤቱ ሥር ዘይት፣ የዘይት ማጣሪያ ፊልትሮና ባትሪ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። ዓይኑ እየደከመ ሲመጣ በዕቃው ላይ ያለውን ቁጥር የማነብለት እኔ ሆንኩ። ከቆላው ወፍራም ዘይት ይዘው የሚወጡ ሹፌሮች ጠዋት ሱቁ በር ላይ ልክ እንደኛዋ እየተንኳኩ ሲመጡ ሽማግሌው ይስቅ ነበር። ዘይቱ በብርድ ረግቶ ወደ ላይ ሳይደርስ ብረት ከብረት ይፋጫል፣ ይለኝ ነበር።

ስለዚህ ሦስት ጠዋት አጠገቧ ቆሜ አዳመጥኳት። ስትሞቅ ድምፁ ይጠፋል። ያለቀ ብሮንዚና ግን ሲሞቅ ይብስበታል እንጂ ዝም አይልም። ይህንኑ ለጋሽ መኮንን ጋራዡ ድረስ ሄጄ ነገርኩት። ሰው ተሰብስቦ ነበር።

"አንቺ ልጅ፣ ሞተር የተማርሽው አረብ አገር ዕቃ ስታጥቢ ነው?" አለኝ። ሰው ሳቀ።

"አዎ ጋሽ መኮንን። ዕቃ የሚያጥበው እጄ ነው፤ ጆሮዬ ሥራ ፈት ነበር።"

የሳቁት እንደገና ሳቁ፤ በማን እንደሳቁ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ ቀጠን ያለ ዘይት ልገዛ ደሴ፣ መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ።

የመለዋወጫ ሱቁ ባለቤት ከላይ እስከ ታች አየኝና "ባልሽ ነው የላከሽ?" አለኝ።

"ባል የለኝም። መኪና አለኝ።"

በዚህ መልሴ ራሴን ወደድኩና፣ አወይ ትዕቢት፣ መደርደሪያው ላይ ካለው ዘይት ሁሉ ቀጭኑን ገዝቼ ወጣሁ። ዘይቱ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። ፊተኛው ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚሆን፣ ኋለኛው በሙቀት እንዴት እንደሚሆን ይናገራል። እኔ ፊተኛውን ብቻ አየሁ። አምስት ይላል፤ ቁጥሩ ሲያንስ በብርድ ይበልጥ ይፈስሳል፣ ከዚህ የተሻለ ምን አለ ብዬ! ሰይድን አስጨንቄ ቀየርነው። ጠዋት ድምፁ ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ እኔም ሰፈሩን ደረቴን ነፍቼ ዞርኩ። በዚያው ቀን መኪናዋ ገብስ ሞልታ፣ እኔንም ይዛ ወደ አቀስታ ስትወጣ፣ ረፋዱ ላይ፣ ሞተሩ ሲግል የዘይቱ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም አለ። ሰይድ አቆመ። ጭነቱ ላይ የተሳፈሩት ሰዎች ወርደው በሶ በጠበጡ፤ እኔ ዳገቱ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጥፍሬን በላሁ። የብርዱን ሳባርር የሙቀቱን ረስቼ ዘይቱ ውሃ ሆኗል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ለእኔ የተተረተ ነው።

"እህቴ፣ በቃ ይቅርብን። ሰው ይስቅብናል" አለ ሰይድ።

"ይሳቅ። የሳቀብኝ ሰው በኔ ፈንታ አብሃ አይሄድም።"

እሱ ሞተሩን አቀዝቅዞ፣ ቀስ እያለ ደሴ አስገባን። እኔ እዚያው ሱቅ ተመለስኩ። ባለሱቁ ገና ሲያየኝ "ተመለስሽ?" አለ።

"ተመለስኩ። ዛሬ ሁለቱንም ቁጥር አነባለሁ።"

ፊቱ ተፈታ። ወንበር ሰጠኝና አብረን አየን። ፊተኛው አሥራ አምስት፣ ኋለኛው አርባ የሚለውን መረጥኩ፤ ጠዋት የሚፈስስ፣ ዳገት ላይ የማይከዳ። ከዚያ ፊልትሮ አልኩት። አንዱን አነሳሁና በትንንሾቹ ቀዳዳዎች በክብሪት እንጨት ነካ ነካ አደረግኩ። ከጀርባቸው ለስላሳ ጎማ አለ፤ ሲነኩት ገባ ይልና ይመለሳል። ይህ ጎማ ነው ሌሊት ዘይቱ ከፊልትሮው ወጥቶ ወደ ታች እንዳይወርድ የሚይዘው። የእኛዋን አሮጌ ፊልትሮ ሰይድ ሲፈታት ጎማዋ እንደ ጠፍር ደርቆ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ዘይቷ ሲወርድ ያድራል፣ ጠዋት ሞተሯ በባዶ ጉሮሮ ይነሳል። ይህን ሳይ ለመኪናዋ አዘንኩላት፣ ሰው ይመስል። አዲሱን ፊልትሮ ገጥመን አዲሱን ዘይት ሞላንባት።

አርብ ማታ፣ የሽያጩ ዋዜማ፣ ብርድ ልብሱን ገፈፍኩ። አፍንጫዋን ወደ ምዕራብ አዙርልኝ አልኩት ሰይድን።

"አብደሻል? ሰው ሲሸጥ አሙቆ ነው የሚያሳየው!"

"እኔ መቼ እሸጣለሁ አልኩ?"

ሁለት ጠርሙስ ወስጄ በአንዱ ሃምሳ ቁጥሩን፣ በሌላው አዲሱን ዘይት ሞላሁና የግቢያችን ካብ ላይ አሳደርኳቸው።

ሲነጋ ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። ሽማግሌዎቹ ጋቢ ተከናንበው መጡ፤ ጋሽ መኮንንና ይመር ተከትለዋቸው ገቡ። አባቴ ሰላምታ ተለዋውጦ ሊያስቀምጣቸው ሲል "ከመቀመጣችሁ በፊት" አልኩ፤ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ከብርድ ነው ብዬ ላታልላችሁ አልችልም። ሁለቱን ጠርሙሶች አንስቼ ባንዴ ዘቀዘቅኳቸው። አዲሱ ዘይት ወርዶ ሣሩ ላይ ፈሰሰ። ሃምሳ ቁጥሩ አፉ ላይ ደርሶ ተንጠለጠለ።

አባቴ ንብ ያረባ ነበር። ወደ እሱ ዞርኩ።

"አባዬ፣ በህዳር ማለዳ ማር ከማሰሮ ይቀዳል?"

"አይቀዳም። በማንኪያ ነው የሚወጣ" አለ፣ ዓይኑን ከጠርሙሱ ሳይነቅል።

"ሞተሯ ማንኪያ የላትም።"

ቁልፉን ከሰይድ እጅ ወስጄ ጋቢና ወጣሁ። የሞተሩ ማሞቂያ መብራት እስኪጠፋ ጠበቅኩ፣ ቢስሚላህ ብዬ አዞርኩ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ተንኳኳች። ከዚያ መዶሻው ጠፋ። ዝም አለች አልልም፤ ናፍጣ ናት፣ ናፍጣ መቼ ዝም ይላል። ግን በዚያ ውርጭ የምትሰማው ሥራ ላይ ያለች መኪና ነበረች።

ጋሽ መኮንን ጠጋ ብሎ እጁን ሞተሩ ላይ አኖረ። ረጅም ጊዜ አዳመጠ።

"ለጊዜው ነው። ጥር ላይ ታያላችሁ" አለ።

"ጥርን እዚሁ ነኝ ጋሽ መኮንን። አንቱም ይምጡና ያዳምጧት።"

ይህን ጊዜ ይመር ጉሮሮውን ጠራርጎ "እኔ ግን ቃሌ ቃል ነው፤ እገዛታለሁ። እንዲያውም ትንሽ እጨምራለሁ" አለ።

አባቴ ቀስ ብሎ ወደ እሱ ዞረ። "ሞታለች በተባለችው ላይ ነው የምትጨምር?" አለው። ከዚያ አባቴ ለሽማግሌዎቹ "ከመጣችሁ አይቀር ዱዓው ይደረግ። ለሽያጩ ሳይሆን ለመንገዷ" አለ። እጃቸውን ዘረጉ። ጋሽ መኮንንም ክርስቲያን ቢሆንም እንደ አገሩ ወግ እጁን ዘርግቶ አሜን አለ። ለዚያ አሜን እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

ሰኞ አባቴ ከደላላው ተመልሶ ፓስፖርቴን ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። "አንቺው ዘንድ ይሁን" ብሎ ወደ ንቦቹ ሄደ።

ጥር መጣ፤ ጋሽ መኮንን አልመጣም። መኪናዋ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠርታለች፤ እኔም መንጃ ፈቃድ አውጥቼ አቀስታን በራሴ እግር ጋዝ እየረገጥኩ ወጥቻለሁ። ጋሽ መኮንን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እስኪሞት ሃምሳ ቁጥር እንዳለ ኖረ። የቶፊቅ መካኒክም የእሱ ተማሪ መሆኑን ትናንት ሰማሁ።

ዛሬ ጠዋት ቶፊቅ ገና ኮፈኑን፣ የሞተሩን ክዳን፣ ሲከፍት ደረስኩበት። ሁለቱን ቁጥር እንዲያነብ፣ የፊልትሮውን ጎማ ነክቶ እንዲገዛ ነገርኩት።

"እሺ እትዬ። መካኒኩ ምን ይለኝ ይሆን?"

"ጥር ላይ ታያለህ ይልሃል። ጥርን እዚሁ ነኝ በለው።"

ቤት ገብቼ ሳጥኔን ከፈትኩ። ሰው የመጀመሪያውን ጩኸት ሰምቶ አልቋል ለማለት ይቸኩላል፤ ለመኪናም፣ ከአረብ አገር ለተመለሰች ልጅም። ፓስፖርቱ ከሥር ነበር፣ ጠርዙ በዘይት ጣት ተነክቷል። የመውጫ ማህተም አለው፣ የመግቢያ ማህተም አለው። ከዚያ ወዲያ ያሉት ገጾች ባዶ ናቸው። ባዶ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ።